ያጠቆርኳቸው ክቦች

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለእህቶቼ አልነገርኩም፣ ለሟቹም አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ ጾም የሻርኩበትን፣ ጎረቤት ያማሁበትን፣ ሠራተኛዬን ያለ ጥፋቷ የተቆጣሁበትን ሁሉ ተናግሬያለሁ። እዚህ ነገር ላይ ስደርስ ግን እዘለዋለሁ። ሲያነብ መስመር እንደሚዘል ሰው፣ ድምፄን ሳልቀይር እዘለዋለሁ።

ከባለቤቴ ከደምሴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ያደረግነው ተራ ነገር ከዓለም ገና ወደ ሰበታ በሚኒባስ መመለስ ነው። ደምሴ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነበር። ሰበታ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ ያስተምራል። ታክሲ ውስጥ ሲገባ ሁልጊዜ የመስኮቱን ወንበር ይመርጣል። ገና እንደተቀመጠ "ምን ይላል?" ይለኛል፤ እኔም በመንገዱ ዳር የተሰቀለውን ታፔላ ሁሉ አነብለታለሁ። በኦሮምኛ የተጻፈው ላይ ስደናቀፍ ያርመኛል።

"የወንዶች ፀጉር ቤት እና የከብት መኖ መሸጫ" አልኩት ያን ቀን።

"ባንድ ላይ?"

"ባንድ ላይ።"

"እንግዲህ ከደንበኛው ራስ ላይ የወረደው ለላሞቹ ይሸጣል ማለት ነው።"

ከፊታችን የተቀመጡት ሽማግሌ ሳይቀሩ ሳቁ። ረዳቱ "ቲቸር፣ እኔ እኮ እዚያ ነው የምቆረጠው!" ሲለው "ታዲያ ላሞቹ አመሰገኑህ?" አለው። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ "ፈጥረሽ እንዳይሆን?" አለኝ።

"ኧረ አልፈጠርኩም።"

"አውቃለሁ። አንቺ አትፈጥሪም።"

ብዙም ሳይቆይ ታመመ፤ ከሆስፒታልም አልተመለሰም።

አንቺ አትፈጥሪም አለኝ። እኔ ግን ፈጥሬ አውቃለሁ። ታፔላ ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት? እኔ የፈጠርኩት የእሱን መልስ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከባንክ ነው። ደምሴ የሆነ ወረቀት ሊፈርም ሄደና "ምስክር ይዘው ይምጡ" ተባለ። ዓይነ ስውር ብቻውን ቢፈርም ፊርማው አይጸናም አሉት። ትሑት ልጅ ነበረች የነገረችው፣ ደንብ ሆኖባት ነው። እሱም አልተቆጣም። ወደ ቤት ስንመለስ ግን "የሺ፣ የሌላ ሰው ዓይን ካላየው እጄ አይታመንም ማለት ነው?" አለኝ። ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። በዚያው ሳምንት ሕግ እማራለሁ አለ።

ዕድሜው ሃምሳን እየተጠጋ ነበር። ባልደረቦቹ መምህራን ቀለዱበት። "ያ ደምሴ!" ይለዋል፣ በኦሮምኛ አጠራር፣ የእንግሊዝኛ መምህሩ ኦቦ ቶሎሳ፣ ከሱሉልታ የመጣ፣ የልብ ወዳጁ ነው። "ጡረታ ስትወጣ ጠበቃ ልትሆን ነው?"

"ጡረታዬን የከለከለኝ ካለ የምከሰው ማን ቀጥሬ ነው?"

የማታው ትምህርት የሚሰጥበት ዩኒቨርሲቲ አዲስ አበባ ነው። የሚቀበሉት አንድ ክፍል የማይሞላ ሰው ሲሆን የሚፈተነው አዳራሽ ሙሉ ነው። ደምሴ ይህን ሲሰማ ፈራ፤ ፈርቶም ማጥናት ጀመረ። ስልኩ እንግሊዝኛውን ያነብለታል። አማርኛው ላይ ሲደርስ ይንተባተብና ዝም ይላል። አማርኛው የእኔ ነበር። ከእራት በፊት፣ በትሩን ጉልበቱ መሃል አቁሞ፣ አገጩን በላዩ አሳርፎ ያዳምጠኛል። ድምፄ ሲሻክር ውኃ ያቀብለኛል። ልጅ አልወለድንም። እውነቱን ልናገርና፣ ያ ሰዓት ለእኔ የቤቱ ልጅ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ "የመምህሩ ዓይን" ይለኛል። እኔም ሌላ ምን ነበርኩ? አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ጥቂት ጊዜ ቢሮ ተቀጥሬ፣ እሱን ካገባሁ ወዲህ ሥራዬ ማንበብ ነበር።

የፈተናው ቀን አንባቢ ተመድቦለታል ተብለን ሄድን። አብዛኞቹ ተፈታኞች ልጆቻችን የሚሆኑ ናቸው። ለእሱ ለብቻው ትንሽ ክፍል ተዘጋጅታለች። አንባቢው ግን ቀረ። ፈታኙ ሰዓቱን እያየ ወጣ፣ ገባ።

"እናቴ፣ እርስዎ ማንበብ ይችላሉ?"

"እችላለሁ።"

"ምኑ ነዎት?"

"ሚስቱ ነኝ።"

አንገቱን ነቀነቀ። ደንቡ እንደማይፈቅድ ከፊቱ ገባኝ። ሰዓቱ ግን እየሄደ ነበር። "እንግዲህ የሚልዎትን ብቻ ያጠቁሩ፤ እንዳይረዱት" ብሎ ወረቀቱን ሰጠኝና በሩ አጠገብ ተቀመጠ። እኔ እንዳልረዳው ነበር ስጋቱ። አያችሁ? ሰው ሁሉ የፈራው ያንን ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ክፍል በታማኝነት አነበብኩ። እንግሊዝኛው ላይ ስንቀራፈፍ ታገሠኝ። "ሲ" ሲለኝ ሲን አጠቁራለሁ፣ "ኤ" ሲለኝ ኤን። ክቡን እንዳልስተው፣ መስመር እንዳላሳልፍበት እየጸለይኩ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ለመመስገን አይደለም። ስጀምር ክፋት አልነበረኝም፤ ክፋቱ የመጣበትን ቦታ በትክክል አውቀዋለሁ ለማለት ነው።

በሁለቱ ክፍሎች መሃል ዕረፍት ሰጡን። ፈታኙ ደግ ሰው ነው። ደምሴን ሊያበረታታው ፈልጎ "ጋሼ፣ ካለፉ አይቸገሩም። እዚህ ለዓይነ ስውራን ኮምፒውተር የሚያነብላቸው ክፍል አለ። አማርኛውን ደግሞ በፈቃዳቸው የሚያነቡ ተማሪዎች አሉን" አለው።

ደምሴ አጨበጨበ። "እሰይ! እንግዲህ የሺም ተገላገለች!"

ሳቀ። ያን ሳቅ ከሰማሁት ቆይቼ ነበር። ለእኔ ነበር የተደሰተው፤ ድካሜን አስቦ ነው። ዛሬ ይህን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ። ያን ጊዜስ አላወቅሁም ነበር? አውቄ ነበር። ግን "ተገላገለች" የሚለው ቃል እንደ ስንብት ሆኖ ገባኝ። ማታ ማታ ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ የሰው ድምፅ ጠግቦ ሲመጣ፣ እኔ እራት አቅርቤ ዝም ስል ታየኝ። በትሩ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ታየኝ። እኔን የሚያህል ባዶ ዕቃ አልታየኝም።

ሁለተኛው ክፍል ተጀመረ። ጥያቄውን አነበብኩለት። ምርጫዎቹን አንድ በአንድ፣ ሳላጎድል አነበብኩለት። ትንሽ አሰበና "ሲ" አለ።

"ሲ" ብዬ ደገምኩለት፤ ቢን አጠቆርኩ።

እኔ ነኝ ያጠቆርኩት። ማንም እጄን አልያዘኝም። ፈታኙ ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለልኝ። ቀጣዩን አነበብኩ። "ዲ" አለ። "ዲ" አልኩ፤ ኤን አጠቆርኩ። ድምፄ አንድ ነገር እየተናገረ እጄ ሌላ ሠራ። ልቤ እንዴት እንደሚመታ እሱ እንዳይሰማው ፈራሁ፤ ጆሮው ምንም አያመልጠውም ነበርና። አንዳንዱን ጥያቄ እንደነገረኝ አደረግሁት። ለምን? አላውቅም። ምናልባት አሁንም ደህና ሚስት እንደሆንኩ ለራሴ ለማስመሰል። የቀየርኩት ስንቱን እንደሆነ አልቆጠርኩም። የሚበቃ ያህል ቀየርኩ።

"ጨረስሽ? ሁሉንም አጠቆርሽ?"

"ጨረስኩ።"

"ተባረኪ" አለኝ።

ውጤቱ ሲለጠፍ ስሙ አልነበረም። "የለህም" ስለው አልዋሸሁም። መዋሸት አላስፈለገኝም፤ አስቀድሜ ጨርሼው ነበር።

ኦቦ ቶሎሳ ግን አላመነም። ደምሴ ጥያቄዎቹን በቃሉ ይዟቸው ነበርና ሁለቱ በፈተናው ማግስት በረንዳችን ላይ ተቀምጠው አንድ በአንድ ገምግመዋቸዋል። ውጤቱን የሰማ ዕለት ቤታችን መጥቶ ቆመ፤ ተቀመጥ ብንለው አልተቀመጠም።

"ያ ደምሴ፣ አንተ ካላለፍክ ማን ሊያልፍ ነው? መልሶችህን እኮ ነግረኸኛል። አቤቱታ አስገባ! ወረቀቱን አውጥተው ይዩት።"

እኔ ጓዳ በር ላይ ቆሜያለሁ። የያዝኩት ሰሃን እንዳይንኳኳ ደረቴ ላይ አጥብቄዋለሁ። ወረቀቱን ቢያወጡት እጄ እዚያ ላይ ነው። አለቀልኝ አልኩ። እንዲያውም፣ ለአፍታ፣ ምነው ባወጡት አልኩ።

ደምሴ ራሱን ነቀነቀ። "ያነበበችልኝ የሺ ናት፣ ያጠቆረችውም የሺ ናት። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እጠረጥር ነበር። አሁን ግን ስህተቱ የእኔ ነው፤ ለአንተ ስነግርህ መልሱን አሳምሬው ይሆናል።"

"እንዲህማ አይባልም—"

"ተወው ቶሎሳ። ጭንቅላቴ አርጅቷል።"

አቤቱታ አላስገባም። እኔን ስለሚያምን አላስገባም። በዚያ ምሽት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ "ይቅርታ አድርጊልኝ የሺ፣ ያን ያህል በከንቱ አደከምኩሽ" አለኝ። እሱ ነው ይቅርታ የጠየቀኝ። እኔም "ምንም አይደል" አልኩት። ስሙኝ፤ ይቅር አልኩት!

ደግሞ ይሞክራል ብዬ ጠበቅሁ። በሚቀጥለው በእውነት አጠቁርለታለሁ፣ እክሰዋለሁ እያልኩ ለራሴ ማልኩ። አልሞከረም። "ሞከርኩ፣ አላለፍኩም" ይላል ሰው ሲጠይቀው፣ እየሳቀ። ክፍል ውስጥ ሲያስተምር ይኮራበት የነበረውን ትውስታውን መጠራጠር ጀመረ፤ የሚያውቀውን ነገር "እንዲያው መስሎኝ ነው" እያለ መናገር ያዘ። የሕጉን መጻሕፍት አንብቢልኝ አላለኝም ከዚያ ወዲህ። የፈራሁት ዝምታ ደረሰብኝ፤ ያውም እሱ አጠገቤ ተቀምጦ። የቀረልኝ የታክሲው ታፔላ ብቻ ነው።

ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። የመድኃኒቱን ካርቶን በጣቱ እየዳሰሰ "ምን ይላል?" አለኝ። ምን እንደሚል አነበብኩለት። ነርሷ ገባች። ነርሷ ወጣች። አልነገርኩትም። ሊሞት የደረሰን ሰው ማስጨነቅ አይገባም ብዬ ነው? እንደዚያ ብል ይሻለኝ ነበር። እጁን ከእጄ እንዳያወጣ ፈርቼ ነው።

እስከ መቃብሬ ይዤው እሄድ ነበር፤ ጫልቱ ባትደውል ኖሮ።

ጫልቱ የደምሴ ተማሪ ነበረች፤ እሷም ዓይነ ስውር ናት። አሁን ቡራዩ ባልና ልጆች ይዛ ትኖራለች፤ አንድ መሥሪያ ቤት ስልክ ታነሣለች። ለቅሶ መጥተው አንገቴ ላይ ተጠምጥመው ካለቀሱት አንዷ ናት። ባለፈው ሳምንት ደወለች።

"እትዬ የሺ፣ አካም ጅርቱ? ደህና ነዎት? አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነው። ቲቸር የተፈተነውን እኔም ልፈተን ነው።"

"ሕጉን?"

"ሕጉን። ባሌ 'ልጆቹን ትተሽ ገና ተማሪ ልትሆኚ' እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ! ብቻ አንባቢ አንመድብም፣ ይዘሽ ነይ አሉኝ። ከእርስዎ ሌላ ማንን አምናለሁ? ቲቸር ክፍል ውስጥ እንኳ 'የእኔ የሺ ነጥብ አትዘልም' ይለን ነበር እኮ።"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት። "እትዬ? አሉ?" አለችኝ። አለሁ አልኳት። ቅዳሜ መጥቼ እነግርሻለሁ አልኳት።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ሌሊት ሌሊት ይህን እጽፋለሁ። እሺ ብዬ በእውነት ባጠቁርላት፣ የደምሴን የከፈልኩ ይመስለኝ ይሆን? እጄስ? ያቺ እጅ ናት፣ ሌላ አልበቀለልኝም። እምቢ ብል ደግሞ ምክንያት ልፈጥር ነው፤ ዳግመኛ ልፈጥር ነው። እኔ ወንበሩ ላይ ከመቀመጤ በፊት ማን እንደሚቀመጥ ማወቅ አለባት። ደምሴ ይህን ዕድል አላገኘም። ከዚያ በኋላ ይሂዱ ብትለኝ እሄዳለሁ፤ ሌላ አንባቢ እስክታገኝም አፈላልግላታለሁ።

ፈርቼ ነው ብዬ ራሴን አልከላከልም። ፍርሃት እርሳስ አይዝም፤ የያዝኩት እኔ ነኝ። ወድጄው ነው አልልም። መውደዱንማ እሱ ወዶኛል፤ ወዶኝም አምኖኛል። ይቅር በለኝ የምለው ሰው አፈር ውስጥ ነው። እናንተም ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የእናንተን መልስ አልነካሁምና።

ታክሲ ስሳፈር አሁንም ታፔላውን በድምፅ አነባለሁ። አጠገቤ ያለው ሰው ዞር ብሎ ያየኛል።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ቡራዩ እሄዳለሁ። ጫልቱ አጠገብ እቀመጥና ይህን ሁሉ፣ መስመር ሳልዘል፣ አነብላታለሁ።