ወንዙ እስኪጎድል

ልጄ ኢክራም ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ትማራለች። ሰሞኑን ለእረፍት መጥታ በረንዳው ላይ ነጥብና መስመር ስትስል ትውላለች። ምንድን ነው ብላት፣ ነጥቡ ቦታ፣ መስመሩ መንገድ እንደሆነ፣ አንድ ሌባ ሲሸሽ ፖሊስ እንደሚያሳድደው፣ መንገዶቹ ግን በየሰዓቱ እንደሚዘጉና እንደሚከፈቱ አስረዳችኝ። ጥያቄው ይያዛል ወይስ ያመልጣል ነው።

«ፖሊሱ መንገዱ መከፈቱን እያየ ቁጭ ቢልስ?» አልኳት።

ሳቀች። «አባ፣ እኛ ሒሳብ ውስጥ እንደዚያ ያለ ፖሊስ የለም።»

እኔ ግን አንድ አውቃለሁ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከሐይቅ ከተማ ወደ ውጫሌ ሲኬድ፣ አምባሰል ተራራ ሥር ነው። እኛ አገር መንገድ እንደ ወቅቱ ነው። በበጋ፣ አዝመራው ከተነሳ በኋላ፣ ገለባውን እየረገጡ በቀጥታ ሐይቅ ከተማ መድረስ ይቻላል። በክረምት ማሽላው ይቆምና ያ መንገድ ይጠፋል፤ ሰው በዙሪያ ይሄዳል። ተራራው ላይ ከዘነበ ደግሞ መንገዱን የሚያቋርጠው ወንዝ ድንገት ይሞላል፤ ጥቂት ቆይቶ ምንም እንዳልሆነ ይጎድላል። ዛሬም በሕልሜ የምሄደው በእነዚያው መንገዶች ነው።

በነሐሴ መጨረሻ ታላቅ እህቴ ሐዋ ከቤት ጠፋች። ዓረብ አገር ልትሄድ ፈልጋ አባታችን ከልክሏት ነበር። ከጎረቤት የሄደች አንዲት ልጅ ድምጿ ጠፍቶ ቀርቷል። ቁጣው ፍርሃት መሆኑን ያኔ አላወቅሁም። ሐይቅ ከተማ መኪና እንደሚጠብቃት ሲሰማ፣ ሂድና መልሳት አለኝ።

እሷ በዙሪያው ሄዳለች፤ እኔ ማሽላውን እየሰነጠቅሁ ሮጥኩ። ቅጠሉ ፊቴን ይቧጥጠኛል፣ እርጥብ አፈር ይሸታል፣ ከሩቅ ሐይቁ ጉም ለብሶ ተኝቷል። ወንዙ ጋ ስደርስ ሐዋ ተሻግራ የቀሚሷን ጫፍ ትጨምቃለች። ልገባ ስል የወንዙ ሙላት መጣ፤ መጀመሪያ ድምፁ፣ ከዚያ ቀዩ ውሃ ግንድ እየገፋ።

ምን እናደርጋለን፣ ተቀመጥን፤ እሷ በዚያ፣ እኔ በዚህ። መሄድ ስትችል አልሄደችም። የቤት ሰው ፊት ማየት ሳትፈልግ አልቀረችም። ከፌስታሏ የተጠበሰ በቆሎ አውጥታ ሰበረችና ወረወረችልኝ። የመጀመሪያውን ውሃው ወሰደው፤ ሁለተኛውን ቀለብኩት። ቀዝቅዞ ነበር፤ ግን እንደዚያ የጣፈጠኝ እሸት አላስታውስም። ጮክ ብላ ታወራኛለች፤ ግማሹን ወንዙ ይበላዋል። የእናታችንን ዓይን ስለማሳከም የምታወራ መሆኑን ለየሁ።

ውሃው መጉደል ጀመረ። ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ሐዋ ተነሳች።

«ትሻገራለህ?» አለችኝ።

«ገና ሙሉ ነው» አልኳት። ጉልበት አይደርስም ነበር።

ድንጋዮቹን አየች፣ እኔን አየች። «አላህ ይጠብቅህ ወንድምዬ» ብላ ሄደች። ማሽላው ውስጥ ሻርፗ እስኪጠፋ አየኋት።

ቤት ስገባ ወንዝ ያዘኝ አልኩ። አባቴ እዚያ ወንዝ ላይ ያደገ ሰው ነው። እግሬን አየት አድርጎ፣ «በል እጅህን ታጠብና ብላ» አለኝ።

ሁለት ዓመት ድምጿ አልተሰማም። አባቴ ከመግሪብ በኋላ ዱዓ ሲያደርግ ስሟን ስሰማ አንገቴን እደፋለሁ። በሦስተኛው ዓመት ደወለች። እናቴም ታከመች። ሐዋ በሄደች በዘጠነኛው ዓመት ስትመለስ እናቴ ፊቷን አየች፤ አባቴ ግን ዓመት ቀድሟት አልፎ ነበር።

ዛሬ ሐዋ ሐይቅ ከተማ ጨርቅ ትሸጣለች። ወንዙም ድልድይ ተሠርቶለታል፤ ባጃጅ ብልጭ ብሎ ያልፈዋል። ድልድዩ ያን ቀን ቢኖር ኖሮ ደርሼ እጇን እይዛት ነበር፤ ለማሰብ ጊዜ አላገኝም ነበር። የሚሻለው የቱ እንደነበረ አላውቅም። ጁምዓ ጁምዓ ሱቋ ገብቼ እቀመጣለሁ። በመሄድሽ ትጸጸቻለሽ ወይ ብዬ ልጠይቃት ስል ገበያተኛ ይገባል። እሷ ጨርቅ ልትለካ ትነሳለች፤ እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይለኛል።