የጀልባዋ ነጭ በር

ባለፈው ሳምንት በርበሬ ልገዛ እዚህ በስደት ከተማችን ሃቫና ስትሪት ያለው የሐበሻ ሱቅ ጎራ አልኩ። በረዶው ቀልጦ ፓርኪንጉ ጭቃ ሆኗል። ጫማዬን ጠርጌ ቀና ስል ግድግዳው ላይ ማንን አየሁ መሰላችሁ? የአሰቧን ጀልባ! ባለሱቁ ፎቶዋን ከኢንተርኔት አውጥቶ፣ አሳድጎ አሳትሞ ሰቅሎታል።

"ማዘር፣ አዩዋት? የኛ ባሕር ኃይል ጀልባ ነበረች! እንዴት እንደምታብረቀርቅ አዩልኝ!"

"የምታብረቀርቀውማ እኔ ስለቀባኋት ነው" አልኩት። ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ ዳምጠው የዚህችው የጥበቃ ጀልባ መካኒክ ነበር። የአሰብ ሙቀት አይጣል ነው፤ ሰው አልጋውን ደጅ አውጥቶ ነው የሚተኛው። ዳምጠው ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይመጣል። በሚጥሚጣና በሎሚ አሽተን፣ በከሰል ጠብሰን፣ እሾሁን እየለቀምን ስለ ሞተሩ እንደ ልጅ ሕመም ያወራኛል።

"ፓምፑ ነው እታለም። ውሃ ስቦ ካላቀዘቀዘው ሞተሩ ይቃጠላል።"

ስንት ለምኖ አዲስ ፓምፕ ከምጽዋ እንዲያመጣ ተፈቀደለት። ሊሄድ ሲል ሞተሩ እንዳይነሳ ለጀልባዋ አዛዥ በቃል ነገረ። ሰው እንዳይሳሳት ደግሞ የሞተር ክፍሉ በር ላይ በቀይ ቀለም "ፓምፑ ተበላሽቷል፤ ሞተሩን ማስነሳት ክልክል ነው" ብሎ ጻፈ።

በሄደ በሦስተኛው ቀን ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተባለ። እንግዳ መጣ ማለት ያኔ ዘመቻ ማለት ነው። ቀበሌው የሰፈሩን ወጣት "በፈቃዳችሁ" ብሎ ሰበሰበን፤ የቀረ ግን ስሙ ይያዛል! ዝገት ፋቁ ተባልን፣ ፋቅን። ቀለም ቅቡ ተባልን፣ ቀባን። ቀለሙ ለግማሿ ብቻ ነበር የሚበቃው። አንዷ ልጅ "በባሕር በኩል ያለው ጎኗስ?" ብትል አዛዡ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

"እንግዳው በባሕር አይመጡም! በወደቡ በኩል ቅቡ።"

የዳምጠው ጽሑፍ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ።

"ጓድ አዛዥ፣ ይሄ ይቅር። ወንድሜ የጻፈው ማስጠንቀቂያ ነው።"

"አጥፊው። ለእንግዳ ነውር ነው።"

"ሰው ሞተሩን ቢያስነሳስ?"

"እኔ አለሁ አይደል እንዴ?"

ቀባሁት። ቀዩ በአንዴ አልጠፋ ብሎኝ ሁለቴ ቀባሁት።

በማግስቱ እንግዳው መጡ፤ ፎቶ ተነሳ። ይሄው ሃቫና ስትሪት ድረስ የመጣው ፎቶ ማለት ነው። ከዚያ እንግዳው "እስቲ ወጣ በሉባትና እንያት" አይሉም? አዛዡም አይሆንም ማለት ሲገባቸው "ይቻላል ጓድ!" አሉ። ጀልባዋ ወጣች። ስትዞር ያ ዝገታም ጎኗ ለሕዝብ ሁሉ ታየ። ሳቃችንን ሳንጨርስ ጥቁር ጭስ ተነሳ፤ ሞተሩ ተቃጠለ። በገመድ ጎትተው መለሷት።

ጥፋተኛው ማን ሆነ? ፓምፑን ታቅፎ ከምጽዋ የተመለሰው ዳምጠው! "ሳያስጠነቅቅ ሄደ፤ አሻጥር ነው" ተባለ። "በሩ ላይ ጽፌያለሁ" ቢል ሄደው አዩ፤ በሩ እንደ ወተት ነጭ። ወደተሰበሰቡበት ሰው ገፍቼ ገባሁ።

"ጓድ አዛዥ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ አጥፊው ያሉኝ?"

ዓይን ዓይኔን እያዩ "እህቱ ናት፤ ምን ታድርግ" አሉ። ያውም በሐዘኔታ!

"ቀለሙን ፋቁትና እዩ!" ብዬ ጮህኩ። ማን ሰምቶኝ። ዳምጠው ስምንት ወር ታሰረ። ዛሬም እዚሁ ቅርብ፣ ሌክውድ ውስጥ፣ መኪናው ስትበላሽ ኮፈኗን አይከፍትም፤ የሞተር ነገር በቃኝ እንዳለ ነው።

እዚያው ሱቅ ቆሜ ደወልኩለት።

"ጀልባችሁን ሰቅለዋታል።"

"በየትኛው ጎኗ?" ብሎ ሳቀ። "ተይው በቃ እታለም፤ አርጅተናል እኮ።"

እሱ ይተወው፣ መብቱ ነው። እኔ ግን እንዴት ልተወው? ታዝዤ ነው የሚል ሰው ብዙ ሰምቻለሁ። እኔም ታዝዤ ነበር፤ ብሩሹ ግን በእኔ እጅ ነበር።

ባለሱቁ ዋጋ የሚጽፍበትን ቀይ ማርከር አንስቼ ፎቶው ውስጥ በሚታየው ነጭ በር ላይ የወንድሜን ቃል አንድም ሳላስቀር ጻፍኩት።

"ኧረ ማዘር! ምን እያደረጉ ነው? ፎቶውን አበላሹት እኮ!"

"አይ ልጄ" አልኩት፣ ማርከሩን እየከደንኩ። "ያበላሸሁትስ ያኔ ነው።"