ፍሬን ርገጪ

ባሌን ሰፈሩ «ሞተሬ» ይለዋል። ቁጭ ማለት የማያውቅ ፍጡር ነው፤ ምሳውን እንኳ ቆሞ ቢበላ ደስታውን አይችለውም። በአንዲት ትንሽ መኪናና መኪናዋ በምትጎትታት ተሳቢ የሰው አልጋና ቁም ሣጥን እያመላለሰ ነው ልጃችንን ያሳደግናት። ያን ቀን ደግሞ ተረኛዋ እሷው ራሷ ነበረች። ቤት ልትቀይር ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ሕፃኗን ይዛ መጥታ ከአባቷ ጋር በአውራ ጎዳናው ልትሄድ ተነጋግረናል።

የተሳቢው የኋላ መብራት ግን ቅጡ ጠፍቷል። ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው ይበራል፣ ፍሬቻ ሲሰጥ ሁሉም ይደበዝዛል። ይህንንም የነገረው ትናንት ከኋላው ሲነዳ የነበረ ሰው ነው። እንዲህ ባለ ተሳቢ ጨቅላ ይዞ መንገድ መውጣት፣ ኧረ በሕግ አምላክ!

ስለዚህ ከማለዳ ጀምሮ እኔ መሪው ጋ ተቀምጬ ፍሬን እረግጣለሁ፣ እሱ ከኋላ ተንበርክኮ ይጮሃል።

«ርገጪ!»

«ረገጥኩ!»

«ልቀቂ!»

ብልሽቱን ቶሎ ነበር ያገኘው። ከተሳቢው ብረት ጋር የሚታሰረው ሽቦ ዝጓል፤ በጣቱ ዳብሶ ደረሰበት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፣ መልሶ አጠበቀው። ሲያፏጭ ሰማሁት። «ርገጪ!» አለ። ረገጥኩ። ፉጨቱ ቆመ።

«ምንም የለም።»

ከዚያ ወዲያ ሰው መሆኑ ቀረ። ፊውዝ ቀየረ፣ ሶኬቱን ፈታ፣ አዲስ አምፖል ገዝቶ መጣ፣ ደህናውን ሽቦ ሁሉ ቆርጦ እንደገና በናስትሮ ጠቀለለ። ልጅቷ ልትደርስ ነው። እግሬ ደንዝዟል።

«አንተ ሰውዬ፣ እግሬ እኮ የብረት አይደለም!»

«በደንብ አትረግጪም! እያሾፍሽብኝ ነው እንዴ?»

ደሜ ፈላ። የመጥረጊያ እንጨት በወንበሩና በፍሬኑ መሃል ወትፌ፣ ልነግረው ወረድኩ።

ሁለቱም ቀይ መብራቶች ቦግ ብለው በርተዋል። እሱ ፊት ለፊታቸው ተንበርክኮ ክዳናቸውን ሊፈታ መፍቻ ይዟል።

«አይበራም ነው የምትለኝ?»

«አይበራም። ለምን ወረድሽ? ማን ሊረግጥ ነው?»

ፀሐይዋ ናት ብዬ በቀሚሴ ጋረድኩለት። አፈጠጠ። አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ በዓይኑ ጥግ አየና ፊቱ ተለወጠ።

«በርቷል እንዴ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«በርቷል።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

ትናንት በዚህ ዓይን ነው ነድቶ የመጣው፤ ዛሬም በዚሁ ዓይን ልጄንና የልጅ ልጄን ሊያሳፍር ነው። መፍቻውን ከእጁ ነጠቅኩት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከክረምቱ ወዲህ። የማየው ነገር መሃል መሃሉ ይጠፋብኛል። ይሻለኛል ብዬ ነው።»

«ለእኔም አይነገርም?»

«ብነግርሽ ቁልፉን ትወስጃለሽ።»

እውነቱን ነው፣ እወስድ ነበር።

«ልጅቷ ስትመጣ መብራቱ እምቢ አለ በያት፣ በሞቴ» አለኝ። ፈርቷል። ይህ ሰው ሲፈራ አይቼ አላውቅም። ውሸት አልወድም እያልኩ አገር የማምሰው ሴትዮ፣ እሺ አልኩት።

ወዲያው ልጃችን ሕፃኗን አዝላ ከተፍ አለች።

«እማዬ፣ ተሠራ?»

«እምቢ አለ ልጄ። ሌላ መኪና እንፈልግ።»

ወደ ተሳቢው ዞር ብላ አየች። «ምን ሆነሻል እማዬ? ሁለቱም በርተው የለም እንዴ!»

ለካ እንጨቱን አላነሣሁትም። አባቷ ጉልበቱን ይዞ ተነሣ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

«መብራቱ ደህና ነው። እኔ ነኝ ያላየሁት» አላት። «አንቺ ንጂው።»

እኔን አየች፣ እሱን አየች። ሕፃኗን አውርዳ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ቁልፉን ተቀብላ፣ እንጨቱን አንሥታ መሪው ጋ ተቀመጠች። እሱ መኪናዋን ዞሮ በወዲያኛው በር ገባ። በገዛ መኪናው በዚያ በኩል ተቀምጦ አያውቅም፤ ጉልበቱ ከፊቱ ጋር ተጣብቆ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ የሚለቀው ብረት የት እንዳለ ጠፍቶት ከሥሩ ሲዳብስ ቆየ። ልጁ ጎንበስ ብላ ለቀቀችለት።