ቁጥር ዘጠኝ ላይ ያለው ሰውዬ

ሰው ጎረቤቱን በፊቱ ያውቃል። እኔ የማውቀው በማጅራቱ ነው። ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሰው ኋላ ቆሜ ስለኖርኩ፣ መንገድ ላይ ከፊቴ የሚሄደውን ዞር ሳይል በስሙ ልጠራው እችላለሁ። ፊት ለፊት ሲያገኘኝ ግን "ማን ነበርክ?" ማለት ይቀናኛል። በዚህ የተቀየሙኝ ብዙ ናቸው።

ከማጅራቶቹ ሁሉ የጎፈሬን የሚያህል የለም። ጎፈሬ የሰፈር ስሙ ነው። ከፊት ያየው ሰው ስሙ ይገባዋል ይላል፤ ግንባሩ ላይ የቆመው ፀጉር በስልሳ ሦስት ዓመቱም ማበጠሪያ ይሰብራል። ከኋላ ያየው ደግሞ ፈገግ ይላል። አናቱ ላይ የሻይ ሰሃን የምታህል መላጣ አለች። ከእሷ ዝቅ ብሎ፣ በግራ በኩል፣ ማርያም የሳመችው ጥቁር ምልክት አለ። ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። የማያውቀው ራሱ ጎፈሬ ብቻ ነበር።

ጥፋቱ የኔም ነው። ፀጉር ቆርጬ ስጨርስ የእጅ መስታወቱን ከኋላ እይዛለሁ፤ ደንበኛው ማጅራቱን በትልቁ መስታወት ውስጥ ያያል፤ ደንቡ ይኸው ነው። ለጎፈሬም የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ላነሳለት ስል የፊት ፀጉሩን በመዳፉ እየደባበሰ "ይሄ ፀጉር እኮ ከአባቴ የወረስኩት ነው" አለኝ። መላጣዋ ያኔ ገና ሳንቲም ታህል ነበር። መስታወቱን መልሼ ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ ወዲህ ለእሱ አንስቼው አላውቅም፤ እሱም ጠይቆኝ አያውቅም።

ጡረታ እስኪወጣ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። ያ ሥራ አንድ ነገር አስተምሮታል፤ ቀድሞ የሚስቅልህ ሰው ትኬት የለውም። ስለዚህ ሰው ሲስቅለት ጎፈሬ ቶሎ ብሎ እጁን ያያል። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የምትለዋን ተረት ከሰላምታ እኩል ነው የሚናገራት። ጡረታ ሲወጣም የሰፈራችን ጋለሪ በር ጠባቂና ሥዕል ሰቃይ ሆነ። ጋለሪ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ድሮ ጫማ መሸጫ የነበሩ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ መደርደሪያው የተነቀለበት ቀዳዳ በጂፕሰም ተደፍኖ እስከ ዛሬ ይታያል። በየወሩ መጀመሪያ የሰፈሩ ሰዎች የሠሩት ሥዕል ይሰቀላል፤ በወሩ የመጨረሻ እሁድ ይወርዳል። ኃላፊዋ ጡረታ የወጡ የሥዕል አስተማሪ ናቸው፤ ሁላችንም ቲቸር እንላቸዋለን።

ጎፈሬ ለሥዕል ክብር የለውም። ሰቅሎ ሲጨርስ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይልና፣ ሠዓሊው አጠገቡ ቆሞ እያለ፣ "ይሄ ፍየል ነው ወይስ ወንበር?" ይላል። ሚስቱ የሆስፒታል አንሶላ ሰፊ ናት። አንድ ቀን "እኔም እኮ ልጅ ሆኜ እስል ነበር" ብትለው፣ "ታዲያ አንሶላው ላይ እንዳትስይብኝ" ብሎ መለሰላት። ይህን ራሱ እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔም ስቄያለሁ፤ አልዋሽም።

ታዲያ አንድ ወር ላይ ቲቸር አዲስ ሕግ አወጡ። ሰው የዘመዱን ሥዕል ብቻ አይቶ እየወጣ ስላስቸገራቸው፣ ሥዕሎቹ ያለ ስም በቁጥር ብቻ እንዲሰቀሉ አደረጉ። የሠዓሊዎቹ ዝርዝር በፖስታ ታሽጎ መሳቢያቸው ውስጥ ተቆለፈበት። የሚከፈተው በመጨረሻው እሁድ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ነው።

ጎፈሬ ሥዕሎቹን ተራ በተራ ሲሰቅል ዘጠነኛው ላይ እጁ ቆመ። በነጭ ካናቴራ አልጋ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሰውዬ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ብሏል፤ የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው። አናቱ ላይ መላጣ፣ ማጅራቱ ላይ ጥቁር ምልክት አለው። ጎፈሬን ያስደነገጠው ግን ሰውዬው አልነበረም፤ ከአልጋው አጠገብ ያለው ወንበር ነው። የወንበሩ አንድ እግር በሽቦ ታስሯል፤ ያን ሽቦ ያሰረው እሱ ነው። መጋረጃው በአንሶላ ጨርቅ ተጥፏል። የመስኮቱ የላይኛው መስታወት ተሰብሮ በካርቶን ተደፍኗል። የገዛ መኝታ ቤቱን በገዛ እጁ ለሕዝብ ሰቅሎታል።

ምሳ ሰዓት ላይ ሱቄ መጣ። የነበረው ደንበኛ እስኪወጣ ጠበቀና በሩን ዘጋ።

"አንተ የሰፈሩን ጭንቅላት ሁሉ ታውቃለህ" አለኝ።

"ሥራዬ ነው።"

"አናቱ ላይ ይችን የምታህል መላጣ ያለችው" ብሎ በጣቶቹ ክብ ሠራ። "ማጅራቱ ላይ ደግሞ፣ በግራ በኩል፣ ጥቁር ምልክት። ጎበጥ ያለ ሽማግሌ ነው። ማነው?"

መቀሱ እጄ ላይ ቀረ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ፊቴ ቆሟል።

"ምን አድርጎ ነው?" አልኩት።

"እሱን ለኔ ተወው።"

ከዚያ ግን ራሱ ዘረገፈው። "ቁጥር ዘጠኝ ላይ የተሳለው የኛ መኝታ ቤት ነው። ከኔና ከሚስቴ በቀር አይቶት የሚያውቅ የለም። እንግዲህ አንድ ሠዓሊ ገብቶበት ራሱን ስሏል ማለት ነው። ያውም በካናቴራ።" ወንበሩ ላይ ተቀመጠና፣ "በጎረምሳ ብትለውጠኝ እሺ፣ ይሁን። በመላጣ?" አለኝ።

ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። ዓይኑን ሳየው ግን ተውኩት። "መላጣ የበዛበት ሰፈር ነው፤ ላስብበት" ብዬ ሸኘሁት።

ፈሪ ነኝ። ያኔውኑ ልነግረው ይገባኝ ነበር። "ሰውዬው አንተ ነህ" ብለው ግን "አሥራ አራት ዓመት ምን ስትሠራ ነበር?" ይለኛል። ሥዕሉን መጀመሪያ ልየው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ሄድኩና ከበሩ ሳላልፍ አወቅሁት፤ የእሱ ማጅራት ነው። ማን እንደሳለውም ብዙ አላስጨነቀኝም። ያን ምልክት በየቀኑ ከቅርብ የሚያየው ሰው አንድ ብቻ ነው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ጎፈሬም የያዘውን ይዞ ማስረጃ ይለቅም ጀመር። ሚስቱ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት "እህቴ ጋ ነኝ" ብላ ትወጣለች። በዚያው ሳምንት እህቷ ጋለሪው በር ላይ መጥታ "እህቴ ደህና ናት? ከጠፋችብኝ ሦስት ወር ሆናት" አለችው። ማታውን የሚስቱን እጅ አየ። አውራ ጣቷ ጥፍር ሥር አረንጓዴ ቀለም አለ። ሻርፗን አንስቶ አሸተተ፤ አኳራጅ፣ ያ ሠዓሊዎች ቀለም የሚያቀጥኑበት ነገር፣ አፍንጫውን መታው።

"ቀለሙ እስኪጋባባት ድረስ" አለኝ በማግስቱ። "ጠይቀሃታል?" ብለው፣ "ትኬት የሌለውን ሰው ትኬት አለህ ወይ ብለህ ከጠየቅኸው ሽንት ቤት ይገባል። ዝም ብለህ በሩ ላይ መቆም ነው" አለኝ።

በሩ ላይም ቆመ። ጋለሪ የሚገባውን ወንድ ሁሉ "ኮፍያ ማውለቅ ደንብ ነው" እያለ አናት አናቱን ያይ ጀመር። አንድ ቀን የሰፈሩ የቧንቧ ሠራተኛ ሱቄ ገብቶ፣ "ያ ሰውዬ ጤና አለው? ሥዕል እያየሁ የሸሚዜን ኮሌታ ከኋላ ስቦ አንገቴን አየ" አለኝ። የቧንቧ ሠራተኛው መላጣ ነው፤ የጎፈሬንም ቤት ቧንቧ ጠግኗል። ምልክት ግን የለውም። ጎፈሬ ይህንንም አልተወውም፤ "ሐኪም ቤት ሄዶ አስነስቶት ይሆናል" ይላል። እኔንም ማየት ጀመረ። ስላጨው በመስታወቱ ውስጥ ዓይኑ እጄን ይከተላል፤ አንድ ነገር እንደምደብቀው ጠርጥሯል፤ ጥርጣሬውም ልክ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ገና ሱቅ ሳልከፍት ደጃፌ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

"ነገ ፖስታው ይከፈታል" አለኝ ወንበሩ ላይ እየተቀመጠ። "ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ። የሰውዬው ስም ሲነበብ እሷም እዚያው አለች። ሰው ሁሉ ፊት የምላትን እላትና ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ። አሳምረህ ቁረጠኝ፤ ተዋርዶ ሄደ እንዳይሉኝ።"

ሠላሳ አራት ዓመት አብረው ኖረዋል። ልጆቻቸውን ድረዋል። ጎፈሬ ደግሞ አንድ ጊዜ ሰው ፊት የተናገረውን መልሶ የሚውጥ ሰው አይደለም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፎጣውን አንገቱ ላይ አስሬ መቁረጥ ጀመርኩ። ስጨርስ እንደ ልማዱ የፊት ፀጉሩን መደባበስ ያዘ። የእጅ መስታወቱን ከሚስማሩ አውርጄ ከኋላው ያዝኩት።

መጀመሪያ አላስተዋለም። ከዚያ መዳፉ ግንባሩ ላይ ቆመ። ከኋላው ሌላ ሰው ገብቶ የተቀመጠ መስሎት በድንገት ዞረ። ሱቁ ባዶ ነው። ተመልሶ ወደ ትልቁ መስታወት አየ፤ ራሱን ወደ ቀኝ ሲያዘነብል መላጣውም ወደ ቀኝ አዘነበለ። ጣቱን ቀስ ብሎ ወደ ማጅራቱ ወሰደና እየዳበሰ ጥቁሩ ምልክት ላይ አሳረፈው።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ምልክቱ ከልደትህ ይሆናል። መላጣዋ አሥራ አራት ዓመቷ ነው።"

"ሰው ሁሉ ያውቃል?"

"ሁሉም።"

"ጎፈሬ የምትሉኝ..."

"አዎ" አልኩት።

በጥፊ የሚለኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢለኝም ይገባኝ ነበር። እሱ ግን ወንበሩ ላይ እየሟሸሸ ሄደ፤ እዚያ ሥዕል ላይ እንዳለው ሰውዬ ጎበጠ። "ሐሙስ ሐሙስ..." አለና አልጨረሰውም። ቀጥሎ ግን ያቺ የድሮ ጥርጣሬ ብልጭ አለችበት። "መሳሉን ትሳል። ለምን ደበቀችኝ?"

በራሴም ላይ ተናድጄ ስለነበር አልራራሁለትም። "ፍየል ነው ወይስ ወንበር እንዳትላት ነዋ" አልኩት።

ተነስቶ ወጣ። ፎጣዬን አንገቱ ላይ እንዳሰረ ነው የሄደው።

እሁድ ከሰዓት ጋለሪው ጢም ብሎ ሞላ። የጎፈሬ ሚስት በሩ አጠገብ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ቲቸር ፖስታውን ቀደዱና ከአንድ ጀምረው አነበቡ፤ ለእያንዳንዱ ይጨበጨባል። "ቁጥር ዘጠኝ" ብለው የጎፈሬን ሚስት ስም ሲያነቡ ግን ጭብጨባው መሀል ላይ ተሰበረ። ሰው ሥዕሉን አየ፤ ከዚያ ሥዕሉ ሥር የቆመውን ጎፈሬን ከኋላው አየ። የቧንቧ ሠራተኛው ኮሌታውን እያስተካከለ "አሃ" ሲል ሰማሁት። የሳቀ የለም።

ጎፈሬ ወደ ሚስቱ ሄደ። ዛሬም የሚናገረውን ተናግሮ ይሄድ ይሆናል ብዬ ሰጋሁ። ቀድማ የተናገረችው ግን እሷ ናት።

"አወቅኸው?" አለችው ወደ ሥዕሉ በአገጯ እያመለከተች።

"አላወቅሁትም። ወር ሙሉ ሳየው ከርሜ አላወቅሁትም።" ጉሮሮውን ጠረገ። "ምነው ግን ጀርባዬን? ሰው የሚሳለው ፊቱን አይደል?"

"የማየው እሱን ነው" አለችው፤ ቁጣ የለባትም። "ጠዋት ስነቃ ጫማህን እያሰርክ ነው። ማታ ደግሞ ፊትህ ወደ ግድግዳ ነው። መጀመሪያ ፊትህን ነበር የጀመርኩት። አፍንጫህ ጋ ስደርስ ጠፋብኝ። ሦስት ሐሙስ ሞከርኩ፤ አልመጣ አለኝ።"

ጎፈሬ አፍንጫውን በጣቱ ዳሰሰ። እሷ ቦርሳዋን ወደ ትከሻዋ አወጣች።

"ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ቲቸር ቤት ነን" አለችው። "ስንስል የሚቀመጥልን ሰው አጥተናል። ከመጣህ ፊትህን ይዘህ ና።"

ሻንጣውን ማን እንደፈታው አልጠየቅሁም። ረቡዕ ጠዋት፣ ያለ ሳምንቱ፣ ሱቄ መጣና "ፂሜን ላጨኝ" አለኝ። ፎጣዬንም አጥቦና አጥፎ አመጣልኝ። ላጨሁት፤ መዳፉን ጉንጩ ላይ አዟዙሮ "ድገመው" አለኝ፤ ደገምኩት። ስጨርስ የእጅ መስታወቱን ላንሳው ወይስ ልተወው እያልኩ ሳመነታ "አምጣው" አለ። ማጅራቱን ለረጅም ጊዜ አየው።

"ከፊት ትንሽ ባሳጥረው ከኋላው ጋር ይቀራረባል" አልኩት።

"ተወው።" አሁን የሚያየው ትልቁን መስታወት ነው። አገጩን ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዞረ። እንደ ድሮው በጥርጣሬ ዓይኑን አጠበበና፣ "እስቲ እውነቱን ንገረኝ" አለኝ። "አፍንጫዬ ምኑ ነው የሚያስቸግረው?"

አሥራ አራት ዓመት ከኋላው ቆሜያለሁ፤ አፍንጫውን ግን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። ምላጬን አስቀመጥኩና፣ ወንበሩን ዞሬ ከፊቱ ቆሜ አየሁት።