የአባ ላምና ጥቁሩ መስኮት

ወረታ ላይ ስልክና ኮምፒውተር እጠግናለሁ። የራሴ ላፕቶፕ ግን ሊጠገን ከሚመጣው ሁሉ የባሰ ነው፤ አንድ ድረ ገጽ ለመክፈት ያቃስታል። ስለዚህ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የማነጋግረው በጥቁሩ የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ነው። ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው፤ ጥያቄዬን ጽፌ እንተርን ስጫን መልሱ በነጭ ፊደል እየተንጠባጠበ ይወርዳል።

አንድ ቀን የንስሐ አባቴ ስልካቸውን ሊያሠሩ መጥተው ፊደሉ በራሱ ሲወርድ አዩ።

«ማን ነው የሚጽፈው?»

«ማሽኑ ነው፣ አባ። የጠየቁትን ይመልሳል።»

ትንሽ አሰቡና ወንበሩን አስጠጉ። «እንግዲያው ጠይቅልኝ። ላሜ ከወለደች ወዲህ ጥጃዋን አላስጠጋ ብላለች።»

እንዳሉት ጻፍኩ። መልሱ ወረደ፦ «እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እህቴ። ከወለድሽ በኋላ እንዲህ መሰማቱ የተለመደ ነው። ባለቤትሽ ያግዝሽ።»

አባ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አነበቡ።

«እኔን ነው?»

«አማርኛው ገና ነው፣ አባ።»

«ቄስ መሆኔን ንገረው።»

ነገርኩት። «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ቄስ ሆይ። ሕፃኑን መቼ ታስጠምቂዋለሽ?» አለ።

ሳቄን ለመደበቅ ጠረጴዛው ሥር የወደቀ ነገር የምፈልግ መሰልኩ። ቀና ስል አባም በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

ቀጥዬ ወላዷ ላም መሆኗን፣ ጠያቂው ደግሞ ጺማም አዛውንት መሆናቸውን አብራርቼ ጻፍኩ። አሁን ደህና መለሰ፦ ጥጃው ላይ ጨው ይነስንሱበት፤ ላሟ ስትልሰው ትለምደዋለች።

አባ መልሱን አንብበው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ።

«ምነው፣ አልተስማማዎትም?»

«ባለቤቴም ዛሬ ጠዋት ይህንኑ ብላኝ ነበር» አሉ። «እምቢ ብያት ነው የወጣሁ።»

ጨውን ነሰነሱት፤ ላሟም ጥጃዋን ተቀበለች። ይህን የሰማሁት ከባለቤታቸው ነው። ከይፋግ ገበያ ሲመለሱ ሱቄ ጎራ አሉና «ያ ከእኔ ጋር የተስማማው የት አለ?» አሉኝ።

መስኮቱን አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩት።

«እስቲ ጠይቅልኝ። ሩዙ ደርሷል፣ እንጨደው ስላቸው ይቆይ ይላሉ።»

በባልና ሚስት መካከል መግባት ፈራሁ። «አባ በሌሉበት ይህን አልጠይቅም» አልኳቸው።

«ደግ ብለሃል» አሉና ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ተቀመጡ። «እንግዲያው ደውልና ጥራቸው።»