በባለቤቴ ሰዓት አትላንቲክን መሻገር

ሚያዝያ 3፣ ንጋት፤ ዳላስ

አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቪከሪ ሜዶ ካለው አፓርታማችን ደጃፍ ሦስት ሻንጣ፣ አንድ ከረጢት ቆሎና አንድ ሽማግሌ ተደርድረናል። ሽማግሌው እኔ ነኝ፤ ከሻንጦቹ የምለየው እጀታ ስለሌለኝ ነው። ጎረቤታችን ኃይሉ እስከ ኒው ኦርሊንስ ወደብ በታክሲው ሊያደርሰን መጥቷል።

«ጋሼ፣ ዌዘሩን ቼክ አድርገዋል?»

«ስፕሪንግ አይደል? አትላንቲክ በዚህ ወር እንደ ሐዋሳ ሐይቅ ነው» አልኩት በሙሉ ልብ። እኔ በአሜሪካ ያየሁት ትልቁ ውሃ፣ በዘበኝነት የሠራሁበት ፓርኪንግ ሎት ላይ ዝናብ ሲጥል የሚተኛው ነው።

«ኦኬ፣ እርስዎ ካሉ» አለና ለባለቤቴ ለጥሩነሽ አንድ ትራስ ጨመረላት።

መርከብ የመረጥነው ለቅንጦት አይደለም። ጥሩነሽ ጆሮዋን ኦፕሬሽን ካደረገች ወዲህ ሐኪሙ አውሮፕላን ከልክሏታል። ልጃችን ሠናይት የምትኖረው ሊዝበን ነው፤ ካየናት ዘጠኝ ዓመታችን። ሁዳዴን በባሕር ላይ ጾመን ፋሲካን አብረናት ልንፈስክ ቃል ገብተናል።

ሚያዝያ 6፣ ቀትር፤ ባሕር ላይ

ባሕሩ ዘይት እንደፈሰሰበት ተኝቷል። ነፋሱ ሻርፕ እንኳ አያነሳም። ትንንሽ ዓሦች ክንፍ አውጥተው ከመርከቡ ፊት ይበራሉ።

«አላልኩሽም?»

«ዝም በል፣ ባሕሩ እንዳይሰማህ» አለች ጥሩነሽ።

ካፒቴኑ በየቀኑ ቀትር ላይ በድምፅ ማጉያ የነፋሱን አቅጣጫና የማዕበሉን ከፍታ ይናገራል። ወደ ምሥራቅ ስለምንሄድም አንዳንድ ቀን ሰዓታችንን በአንድ ሰዓት ወደፊት እንድናዞር ያዘናል። የጥሩነሽን የእጅ ሰዓት የማዞረው እኔ ነኝ። ዳላስም ሳለን የምትሄደው በሐበሻ አቆጣጠር ነው፤ ቀትር ላይ ስድስት ትላለች። ዘጠኝ እስክትል ጥሩነሽ እህል አትቀምስም።

ሚያዝያ 11

ሐዋሳ ሐይቄ ተነሥቶ ቆመ። ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ማዕበል ቤት ያክላል፤ አረፋው ነጭ፣ ውሃው የብረት ቀለም። የመዋኛውን ውሃ አፍስሰው መረብ አለበሱት። ወንበሮቹ ታስረዋል፤ በየደረጃው መደገፊያ ላይ የማስመለሻ ከረጢት ተሰክቷል። ምግብ ቤት ውስጥ ሳህኑ እንዳይንሸራተት የጠረጴዛው ልብስ ላይ ውሃ ያርከፈክፋሉ። እኔ እንደ ሰርግ ቤት ሰካራም ግድግዳ ለግድግዳ እሄዳለሁ።

ጥሩነሽ ግን አልጋ ከያዘች ሁለት ቀኗ። ዘጠኝ ላይ ጾሟን ፈትታ የቀመሰችውን ሁሉ ያስመልሳታል። የመርከቡ ነርስ ጠዋት አይታት፣ «የሚያደክማት በባዶ ሆድ መዋሏ ነው። ቀትር ሳያልፍ ከምግብ ጋር ኪኒኑን ትውሰድ። አለበለዚያ አዞረስ ደሴቶች ስንደርስ ሆስፒታል እናወርዳታለን» አለችኝ።

«ለበሽተኛ ይፈቀዳል» አልኳት ጥሩነሽን።

«ባሕር ያወከው ሰው ምኑ በሽተኛ ይባላል?»

«ሠናይት ወደብ ላይ ቆማ አንቺ ሆስፒታል ልትፈስኪ ነው?»

«ዘጠኝ ሰዓት ይድረስ» ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

ቀትር ሆነ። ካፒቴኑ ነፋሱ እንዳልበረደ ተናግሮ አንድ ሰዓት አዙሩ አለ። ሰዓቷን ከራስጌዋ አነሳሁ። መነጽሬን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ፤ ለካስ ግንባሬ ላይ ነው። ከስድስት ወደ ሰባት ነበር ማዞር ያለብኝ። እጄ ሄዳ ሄዳ ዘጠኝ ላይ ቆመች። ክፍላችን መስኮት የለውም፤ ፀሐይ አታሳጣኝም።

«ጥሩዬ፣ ዘጠኝ ሆነ።»

ሰዓቷን አየች። እኔን አየች። አማትባ ግማሽ ቅቅል ድንችና አንድ አረንጓዴ ፖም በላች፤ ኪኒኗንም ዋጠች። አላስመለሳትም። ያስመለሰው እኔን ነው፤ ማዕበሉ ይሁን ኃጢአቱ አላወቅኩም።

ሚያዝያ 13፤ አዞረስ

ማዕበሉ ወደ ጉልበት ወርዷል። አረንጓዴ ኮረብቶች በግራ በኩል ያልፋሉ። ነርሷ የጥሩነሽን እጅ ይዛ፣ «ጉዞሽን ቀጥይ» አለቻት። ደስ ብሏት ወደ ውጭ ወጣች፤ እኔ ደነገጥኩ። ፀሐይ አናታችን ላይ ቆማ የጥሩነሽ ሰዓት ስምንት ትላለች። ኮፍያዬን እስከ ቅንድቧ ደፋሁላት።

«ፀሐዩ ይጎዳሻል።»

«እንዴት ያለ አሳቢ ነው» አለች።

ሚያዝያ 16፣ ጠዋት፤ ሊዝበን

ውሃው ረግቷል፤ ጣሪያው ሁሉ የሸክላ ቀለም ነው። ለመውረድ ተሰልፈን ሳለን ጥሩነሽ ሰዓቷን ፈታ ሰጠችኝ።

«በል አስተካክላት።»

«ምኗን?»

«ሁለቱን ሰዓት። ያን ቀን ካፒቴኑ ሲናገር ነቅቼ ነበር። መነጽርህን ግንባርህ ላይ አድርገህ ትራስ ሥር ስትፈልግ ሳቄን እንዴት እንደያዝኩት።»

«ታዲያ ለምን በላሽ?»

«ፊትህን አየሁት። ከእኔ ይልቅ ገርጥቶ ነበር።»

«ለንስሐ አባታችን እኔ እናገራለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ያዞርከው አንተ፣ የበላሁት እኔ። አብረን እንሄዳለን።»

ሰዓቷን ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ መለስኳት። ከታች፣ ወደቡ ላይ፣ ቢጫ ጃንጥላ የያዘች አንዲት ሴት እጇን ታወዛውዛለች፤ ማን እንደሆነች አልለየሁም። ጥሩነሽ መነጽሬን ከግንባሬ አውርዳ ዓይኔ ላይ አደረገችልኝ።

«አሁን እያት» አለች።