ከሰርዲን ቆርቆሮ የተሠሩ መርከቦች

ባለፈው እሑድ ታናሹ ልጄ ከካርቶን የቆረጣቸውን ትንንሽ የጦር መርከቦች ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ከጓደኛው ጋር ሲጫወት አገኘሁት። «አንሣ ይህን!» ብዬ ጮኽሁበት። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ነው፤ ደነገጠ። ምክንያቱን ሳልነግረው ወጣሁ። አባት ከተቆጣ ምክንያቱን መናገር አለበት ብዬ ስለማምን እነሆ ጻፍሁት።

በደርግ ጊዜ፣ አሰሳው በበረታበት ዓመት፣ እኔና ይኼይስ ባሕር ዳር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን። አባቱ መሪጌታ ናቸው፤ ለሁለታችንም ፊደል ያስቆጠሩን እሳቸው። በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር፤ በብረት የተለበጡ የድሮ የጦር መርከቦች ሥዕል ያለበት። መዝገበ ቃላት ይዤ ገጽ በገጽ ፈታሁት። የማውቀውን እንግሊዝኛ ግማሹን ያገኘሁት ከዚያ ነው።

መጀመሪያ ለእንግዳ የሚሸጡትን ትንንሽ የደንገል ታንኳዎች ገዝተን፣ ቀና ያለ አፍንጫቸውን ቆርጠን፣ ጎናቸውን በሰርዲን ቆርቆሮ ለበጥን። ኋላ ግን አካሉን ከዋንዛ እንጨት እየጠረብን፣ መድፉን ከእስክሪብቶ ቀፎ እየቆረጥን ከባዶ መሥራት ያዝን። የይኼይስ እጅ የተባረከ ነበር። ብሎን የተመታበት እንዲመስል ቆርቆሮውን ከጀርባው በመርፌ እየወጋ ነጥብ በነጥብ ያስነሣዋል። እኔ ስቸኩል «ቀስ በል እንጂ! ዶሮ ነው እንዴ የምታርደው?» ይለኛል።

ክረምት ነበር። ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ፣ እናቱ የጠበሱትን ዓሣ በቂጣ እየበላን ወለሉ ላይ እንዋጋለን። የመርከቡን ጉዞ በሲባጎ እንለካለን፤ ጥይቱ መምታት መሳቱን ከጣሳ በምናወጣው ዕጣ እንለያለን። ባሕር አይተን አናውቅም፤ የምናውቀው ውሃ ጣና ነው። ስለዚህ ጣናን በትልቅ ወረቀት ላይ ነደፍሁት። ጎርጎራ፣ ደልጊ፣ ቁንዝላ ብዬ ጻፍሁ። «የጠላት መግቢያ»፣ «የእኛ ምሽግ» የሚልም ጨመርሁ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ወረቀት አንገት እንደሚያስቆርጥ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብሁም። ብዙ ማንበብና ማስተዋል አንድ አይደሉም።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ አብዮት ጠባቂዎች እነይኼይስ ቤት ለአሰሳ ሲገቡ እኔም እዚያው ነበርሁ። አንዱ ወረቀቱን ከአልጋ ሥር ሳበው።

«የማን ጽሑፍ ነው?»

ይኼይስ አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«የእኔ ነው፤ ጨዋታ ነው ጓድ» አለ።

«ጎርጎራ ላይ ጠላት እያስገባህ ጨዋታ? አንተስ?» አለ ወደ እኔ ዞሮ።

«ደብተር ልዋስ ነው የመጣሁት።»

ይኼይስን ወሰዱት።

በማግስቱ መሪጌታ ጋቢያቸው በዝናብ ርሶ፣ መርከቦቹን በጨርቅ ቋጥረው ቤታችን መጡ።

«ልጄ፣ እኔ ብናገር የአባት አንጀት ነው ይሉኛል። አንተ ይህን ይዘህ ሂድና ተጫውተህ አሳያቸው። ጽሕፈቱም ያንተ እንደሆነ ንገራቸው። እጅህን አውቀዋለሁ፤ ያስተማርሁህ እኔ ነኝ።»

«እሺ የኔታ፣ ነገ ጠዋት» አልሁ።

በነገታው ጠዋት ጨርቁን እንደተቋጠረ አልጋዬ ላይ ትቼ ወደ ቁንዝላ በሚሄድ ጀልባ ተሳፈርሁ። እዚያ አጎቴ ዘንድ ሰባት ወር ዓሣ ሳጸዳ ኖርሁ። ስመለስ ይኼይስ ተገድሎ አስከሬኑን እንኳ ለወላጆቹ እንዳልሰጧቸው ሰማሁ። የኔታን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። አልረገሙኝም። «ደህና ገባህ?» ብለውኝ አለፉ።

ከዚያ ወዲህ ልጆች ወልጄ ስለ ውሸት ስገሥጽ፣ አንዳንዴም ስገርፍ ኖሬአለሁ። ራሴን ግን «ብሄድ እኔንም ይገድሉኝ ነበር» እያልሁ ስምር ቆየሁ።

ትናንት ይህን ጽሑፍ ለልጄ አነበብሁለት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«አባባ፣ እርስዎ ቢሄዱ ኖሮ ይለቁት ነበር?»

«አላውቅም» አልሁት። «ለማወቅ መሄድ ነበረብኝ።»